የበረዶ ዘመን ግራፍ ያለ ቁጥር አይነበብም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

የአየር ንብረት ለውጥ ወሬ በተነሣ ቁጥር አንድ ግራፍ ብቅ ይላል። የ800,000 ዓመት ሙቀት እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ ወረድ ሲል ይታይበታል፤ ከሥሩም «ምድር ሰው ሳይነካት ስትሞቅና ስትቀዘቅዝ ኖራለች፤ የዛሬውም ከዚያው ነው» ይባላል። ይህ አባባል በጋዜጣም በሬዲዮም እየተለመደ ስለመጣ፣ ከግራፉ ጀርባ ያለው ስሌት ምን እንደሚል ለአንባቢዎቻችሁ ማቅረብ ተገቢ መሰለን። ስሌቱ ሱፐር ኮምፒውተር አይጠይቅም፤ ኤክሴል የተጫነበት ላፕቶፕና አንድ ሙሉ ከሰዓት ይበቃዋል። አሠራሩን ከዚህ በታች ጽፈነዋል፤ የሚጠራጠር ሰው ራሱ ይሞክረው።

የግራፉ መነሻ አንታርክቲካ ላይ ዶም ሲ በሚባል ቦታ የአውሮፓ ተመራማሪዎች 3,270 ሜትር ገደማ ቆፍረው ያወጡት የበረዶ ዓምድ ነው። በበረዶው ውስጥ ያለው ከባድ ሃይድሮጅን ከቀላሉ ጋር ሲነጻጸር በረዶው ሲጥል የነበረውን ቅዝቃዜ ያሳያል፤ የታፈኑት አረፋዎች ደግሞ የዘመኑን አየር ራሱን ይዘዋል። በዓምዱ ላይ ስምንት ያህል የበረዶ ዘመናት ተቆጥረዋል። የመጨረሻው ጫፍ የደረሰው ከዛሬ 21,000 ዓመት ገደማ በፊት ነበር። ያን ጊዜ የዓለም አማካይ ሙቀት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ሴልሽየስ ያነሰ ነበር። የሰሜን አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍልና ስካንዲኔቪያ ውፍረቱ እስከ 3 ኪሎ ሜትር በሚደርስ የበረዶ ግግር ተሸፍነው ነበር፤ ውቅያኖሱም ከዛሬው ከ120 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነበር።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የምድር ምሕዋር፣ ማለትም በፀሐይ ዙሪያ የምትጓዝበት መንገድ ነው። ቅርጹ አንዳንዴ ወደ ክብነት ይጠጋል፣ አንዳንዴ ሞላላ ይሆናል፤ ዑደቱ 100,000 እና 405,000 ዓመት ገደማ ይፈጃል። የምድር ዘንግ ዝንባሌ ከ22.1 እስከ 24.5 ዲግሪ በ41,000 ዓመት ይመላለሳል፤ ዛሬ 23.4 ላይ ነው፣ እየቀነሰም ነው። ዘንጉ ደግሞ ሊቆም እንደተቃረበ እንዝርት ይዋልላል፤ በዚህ የተነሣ ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርብበት ቀን ከ19,000 እስከ 23,000 በሚሆን ዓመት ውስጥ ወራቱን ሁሉ ይዞራል። ዛሬ ቅርቧ በታኅሣሥ መጨረሻ ለገና ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው፤ ሩቋ ደግሞ በሰኔ መጨረሻ ክረምቱ ሲገባ። ከ11,000 ዓመት በፊት ተገላቢጦሽ ነበር፤ ምድር ለፀሐይ የምትቀርበው በክረምት ነበር። ይህችን ነገር አንባቢ ይያዝልን፤ ወደ ጣና ስንመጣ ትፈለጋለች።

ስሌቱን የጀመረ ሰው ግን ገና ከመነሻው እንቆቅልሽ ይገጥመዋል። ከፀሐይ የሚደርሰን ኃይል በካሬ ሜትር 1,361 ዋት ነው፤ ምድር ሉል ስለሆነች ለአራት ሲካፈል 340 ይሆናል። ከዚህ 30 በመቶው ተንጸባርቆ ይመለስና 238 ዋት ይቀራል። ምሕዋሩ ከፍጹም ክብነት ተነሥቶ ሞላላነቱ 0.05 ቢደርስ፣ በዓመት በአማካይ የሚደርሰን ኃይል የሚጨምረው በ0.125 በመቶ ብቻ ነው። ከ340 ዋት ላይ 0.4 ዋት መሆኑ ነው። ዝንባሌውና መዋለሉ ደግሞ ኃይሉን ከቦታ ቦታና ከወር ወር ያዘዋውሩታል እንጂ በመላዋ ምድር ዓመታዊ ድምር ላይ አንዳች አይጨምሩም። ስለዚህ «ምሕዋሩ ተለወጠ፣ ምድር ቀዘቀዘች» የሚለው በቀጥታ ሲሰላ ከሩብ ዲግሪ አያልፍም። የምንፈልገው ግን ስድስት ዲግሪ ያህል ነው።

ሌላም አስገራሚ ነገር አለ። ከ21,000 ዓመት በፊት ምሕዋሩ የነበረበት ሁኔታ ከዛሬው ብዙም አይለይም፤ በሰሜን የሚወርደው የሰኔ ጨረርም ተቀራራቢ ነበር። ጨረሩ እንዲህ ሳይራራቅ አንዱ ዘመን የበረዶ፣ ሌላው የሙቀት ሆነ። ይህ ብቻውን ሥርዓቱ የትናንቱን የሚያስታውስ አንድ ነገር እንዳለው ይናገራል።

ያ የሚያስታውሰው ነገር የበረዶ ግግር ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክሮል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ትኩረቱን በብርዳማ ወራት ላይ አደረገና ተሳሳተ። ሰርቢያዊው ሚሉቲን ሚላንኮቪች ከአየር ንብረት ተመራማሪው ከቭላድሚር ኮፐን ጋር ተመካክሮ ትኩረቱን ወደ ሞቃቱ ወቅት አዞረው። በረዶ በብርድ ወራት መቼም መጣሉ አይቀርም፤ የሚወስነው በሞቃቱ ወራት ሳይቀልጥ መትረፉ ነው። እዚህ ላይ በአማርኛ ጽሑፎች ላይ ደጋግመን የምናየውን ስሕተት እንጥቀስ። የሰሜኑን ሞቃት ወቅት «በጋ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። የሰሜኑ ሞቃት ወራት ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ናቸው፤ ማለትም የእኛ ክረምት። ያንን ትርጉም ይዞ ስሌት የጀመረ ተማሪ የታኅሣሥን ጨረር ያስገባና በረዶው ማደግ ባለበት ጊዜ ሲቀልጥበት ይውላል።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ የሚያስፈልገው የፀሐይ ጨረር ሠንጠረዥ ነው። ቤልጅየማዊው አንድሬ ቤርጄ በ1978 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ያወጣው ቀመር ለአንድ ሚሊዮን ዓመት ይበቃል፤ ፈረንሳዊው ዣክ ላስካርና ባልደረቦቹ በ2004 ያሳተሙት ከዚያም እጅግ ርቆ ይሄዳል። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። በ65 ዲግሪ ሰሜን ሰኔ 14 ቀን የሚወርደውን ጨረር በየ1,000 ዓመቱ ውሰዱ። ዛሬ በካሬ ሜትር 480 ዋት ገደማ ነው፤ ከ11,000 ዓመት በፊት በ40 ዋት ያህል ይበልጥ ነበር። አማካዩን ቀንሱ፣ በመደበኛ ልይይት (ቁጥሮቹ ከአማካያቸው በሚርቁበት ልክ) አካፍሉ፣ ምልክቱንም ገልብጡ፤ ጨረር ሲያንስ በረዶ ይበዛልና። የተገኘውን ዓምድ «ገፊ» እንበለው።

ቀጣዩ ዓምድ የበረዶው መጠን ነው። አሜሪካዊው ጆን ኢምብሪ ከልጁ ጋር በ1980 ያቀረቡት ዘዴ እጅግ ቀላል ነው። ከገፊው ላይ በእጅ ያለውን በረዶ ቀንሱ፤ ልዩነቱን በ1,000 አባዙ፤ ለጊዜ ቋሚው (በረዶው ገፊውን ለመከተል ለሚፈጅበት ጊዜ) አካፍሉ፤ የወጣውን በበረዶው ላይ ደምሩ፤ ወደሚቀጥለው ረድፍ እለፉ። ምስጢሩ ያለው በጊዜ ቋሚው ላይ ነው። በረዶው እያደገ ከሆነ 42,500 ዓመት ነው፤ እየቀለጠ ከሆነ 10,600። ለምሳሌ በረዶው 0.2 ሆኖ ገፊው 1.0 ቢሆን ልዩነቱ 0.8 ነው፤ በ1,000 ተባዝቶ ለ42,500 ሲካፈል 0.019 ይሰጣል፤ አዲሱ በረዶ 0.219 ይሆናል። ገፊው −1.0 ቢሆን ልዩነቱ −1.2 ነው፤ ለ10,600 ሲካፈል −0.113፤ በረዶው ወደ 0.087 ይወርዳል። የማቅለጡ እርምጃ የማሳደጉን ስድስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ቀስ ብሎ የሚወጣውና ቶሎ የሚፈርሰው የመጋዝ ጥርስ የሚወለደው ከዚህች ልዩነት ነው።

ማደግና መቅለጥ ለምን ፍጥነታቸው ተለያየ ለሚል፣ ዋናው ምክንያት የግግሩ ክብደት ነው። ሦስት ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለው በረዶ ሥሩ ያለውን መሬት ቀስ በቀስ ከ800 ሜትር በላይ ያሰምጠዋል፤ የበረዶ ጥግግት ከመሬት ውስጠኛው ዐለት ከሦስት አንድ ያህል ስለሆነ። መሬቱ ሲሰምጥ የግግሩ ገጽም አብሮ ወደ ሞቃት አየር ይወርዳል። ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር የወረደ ሰው 900 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ የሚሰማውን የሙቀት ልዩነት ያውቀዋል። ግግሩም የሚገጥመው ይህን የመሰለ ነው። አድጎ ሳለ ጨረሩ ትንሽ ከፍ ካለ ጠርዙ ይቀልጣል፤ መሬቱ ደግሞ ተመልሶ ለመነሣት ሺህ ዓመታት ስለሚፈጅ ግግሩ ከጉድጓዱ ሳይወጣ ያልቃል። ለዚህም ነው ትልቅ ግግር ከትንሹ ይልቅ ለመፍረስ የሚቀርበው።

የሚበላሸው ብዙ ነው። እጅግ የተለመደው ጥፋት የጊዜ አቅጣጫ ነው። ሠንጠረዦቹ የሚጀምሩት ከዛሬ ሆኖ ወደ ኋላ ይቆጥራሉ፤ ተማሪው ሳይገለብጥ ከላይ ወደ ታች ካሰላ ታሪክን ወደ ኋላ እያስኬደ ነው፤ የመጋዙ ጥርስም ተገልብጦ ቶሎ የሚያድግና ቀስ ብሎ የሚቀልጥ በረዶ ይወጣለታል። ሁለተኛው የመነሻ ቁጥር ነው። የመጀመሪያውን በረዶ ማንም አያውቀውም፤ ዜሮ ብላችሁ ጀምሩና የመጀመሪያውን 100,000 ዓመት ውጤት ጣሉት፤ የመነሻው ተጽዕኖ በዚያን ጊዜ ውስጥ ይከስማል። እርምጃውን ለማፋጠን ብሎ 10,000 ዓመት የሚያደርግም አለ። ይህ ከ10,600 ጋር ስለሚቀራረብ በረዶው በአንድ እርምጃ ገፊውን ሊደርስበት ምንም አይቀረውም፤ ትውስታው ሁሉ ይጠፋል።

ከዚህ የረቀቀው ጥፋት ዕድሜ ላይ ነው። ሞዴሉን ለመፈተን ብዙ ሰው የሚወስደው ሎሬን ሊሲኪና ሞሪን ሬይሞ በ2005 ከ57 የውቅያኖስ ወለል ቦታዎች ያጠናቀሩትን የደለል መዝገብ ነው። መዝገቡ ድንቅ ነው። ግን የደለሉ ዕድሜ ሲወሰን የምሕዋሩ ዑደት ራሱ እንደ ሰዓት አገልግሏል። ስለዚህ «ሞዴሌ ከመዝገቡ ጋር በሰዓቱ ገጠመ» ብሎ መደሰት በራስ ሚዛን ራስን መመዘን ነው። መዝገቡ የሚለካውም የባሕሩን ሙቀትና የበረዶውን መጠን ደባልቆ ነው፤ ሙቀት ብቻ አድርጎ ማንበብ አይገባም። በበረዶ ዓምድም በኩል ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። አየር በአረፋ የሚታፈነው በረዶው 100 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ሲጠቀጠቅ ነው፤ እንደ ዶም ሲ በረዶ እምብዛም በማይጥልበት ቦታ አረፋው በዙሪያው ካለው በረዶ በሺህ ዓመታት ያነሰ ዕድሜ ይኖረዋል። ሙቀትን ከበረዶው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአረፋው በአንድ ጥልቀት ላይ ወስዶ ያነጻጸረ ሰው ቀዳሚና ተከታይን ያምታታል።

800 ረድፍ ቁጥር ስላለም 800 ማስረጃ አለ ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ረድፍ የጎረቤቱ ግልባጭ ስለሆነ፣ በእጃችን ያለው በእውነቱ ስምንት ዑደት ነው። አምስት ቋሚ ያለው ሞዴል ስምንት ዑደትን መግጠሙ አያስመሰግነውም። ጨዋው መንገድ የኋለኛውን 400,000 ዓመት ሸፍኖ በቀድሞው ብቻ ቋሚዎቹን መምረጥ፣ ከዚያ የተሸፈነውን ገልጦ ማየት ነው። የኢምብሪ ዘዴ እዚህ ላይ ይንገዳገዳል። ከ400,000 ዓመት ገደማ በፊት ምሕዋሩ ክብ ለመሆን ተቃርቦ ጨረሩ ደካማ በነበረበት ጊዜ መዝገቡ ረጅምና ሞቃት ዘመን ያሳያል፤ ሞዴሉ ግን አያገኘውም። ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት ደግሞ የበረዶ ዘመናት በየ41,000 ዓመቱ ነበር የሚመጡት፤ ምሕዋሩ ባሕርዩን ሳይለውጥ ከዚያ ወዲህ ወደ 100,000 ተዘዋወሩ። የጎደለ ነገር አለ ማለት ነው። የአውሮፓ ቡድን በጥር 2025 እ.ኤ.አ. አንታርክቲካ ላይ 2,800 ሜትር ቆፍሮ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው በረዶ ያወጣው ይህንን ሽግግር በአረፋው ለማየት ነው።

ከጎደለው ዋናው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በበረዶ ዘመን ጫፍ ላይ ከሚሊዮን የአየር ክፍል 185 ያህሉ ነበር፤ በሞቃቱ ዘመን 280። የሚያስከትለው የኃይል ለውጥ የሁለቱ መጠን ክፍልፋይ የተፈጥሮ ሎጋሪዝም በ5.35 ተባዝቶ ይገኛል፤ ለ280 እና ለ185 ውጤቱ በካሬ ሜትር 2.2 ዋት ነው። አሁን መደመር ይቻላል። የበረዶ ግግሩ ነጭነትና ውቅያኖሱ ሲሸሽ የተገለጠው መሬት 3.2 ዋት ያህል ይቀንሳሉ፤ የምድር ጠቅላላ ነጸብራቅ ከ0.30 ወደ 0.31 ቢወጣ ብቻ 3.4 ዋት ስለሚጠፋ ይህ የሚያስገርም አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ 2.2፣ ሚቴንና ናይትረስ ኦክሳይድ ግማሽ ዋት ያህል፣ በደረቁ ዓለም የበዛው አቧራ አንድ ዋት ገደማ (ከሁሉ ይልቅ የሚያጠራጥረው እሱ ነው)። ድምሩ 7 ዋት ይጠጋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጥፍ ሲሆን 3.7 ዋት ይመጣል፣ ምድርም 3 ዲግሪ ትሞቃለች ከተባለ፣ ለአንድ ዋት 0.8 ዲግሪ ነው። ሰባቱን በ0.8 አባዙት፤ 5.6 ዲግሪ ይወጣል። መዝገቡ ከ5 እስከ 7 ይላል።

ጋዞቹን ከድምሩ አውጥታችሁ እንደገና ሞክሩ። ሦስት ዲግሪ ተኩል እንኳ አይሞላም። ከዚያም የባሰ ነገር ይመጣል፤ የሰሜኑ ግግር ብቻውን ደቡቡን ንፍቀ ክበብ ማቀዝቀዝ አይችልም። ስዩኩሮ ማናቤ ከአንቶኒ ብሮኮሊ ጋር በ1980ዎቹ በኮምፒውተር ሞዴል ይህንኑ አሳይተዋል፦ ግግሩን አስገብተው ጋዙን ሳይቀንሱ ሲሠሩ ደቡቡ ሳይቀዘቅዝ ቀረ ማለት ይቻላል። ማናቤ በ2021 የፊዚክስ ኖቤልን ከተጋሩት አንዱ ነው። ደቡቡ ግን ከሰሜኑ ጋር መቀዝቀዙን የአንታርክቲካ በረዶም የኒውዚላንድ ተራሮችም ይመሰክራሉ። ሁለቱን ንፍቀ ክበብ የሚያገናኘው በአየሩ ውስጥ እኩል የሚዳረሰው ጋዝ ነው።

«ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሙቀቱ በ800 ዓመት ዘግይቶ ነው የጨመረው፤ ስለዚህ ምክንያት ሊሆን አይችልም» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይነሣል። 800 ዓመት የሚለው ቁጥር የመጣው ከ240,000 ዓመት ገደማ በፊት ስለነበረው ቅልጠት በ2003 ከወጣ የአንታርክቲካ ጥናት ነው፤ የስሕተት ልኩም ወደ ላይም ወደ ታችም 200 ዓመት ነው። ለመጨረሻው ቅልጠት የአረፋው ዕድሜ በተሻለ መንገድ ሲታረም የአንታርክቲካ ሙቀትና ጋዙ አብረው ሊነሡ ምንም አልቀራቸውም፤ የዓለም አማካይ ሙቀት ደግሞ ከጋዙ በኋላ የተከተለ ሆኖ ተገኘ። መዘግየቱ ሙሉ በሙሉ እውነት ቢሆንም እንኳ ክርክሩ አይቆምም። የብድር ወለድ ከዋናው ገንዘብ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ዕዳውን ግን ያበዛዋል። ምሕዋሩ ዋናውን ያበድራል፤ ውቅያኖሱ ሲሞቅ የሚለቀው ጋዝ ወለዱን ይቆጥራል። የዛሬው ልዩነት ጋዙን ውቅያኖስ ሳይለቀው እኛው ከጕድጓድ አውጥተን ማቃጠላችን ነው፤ ውቅያኖሱ ዛሬ ጋዝ እየወሰደ እንጂ እየሰጠ አይደለም።

አሁን የዛሬውን በዚያው ቀመር እንክተተው። ከ280 ወደ 425፦ 2.2 ዋት። ከበረዶ ዘመን ወደ ሞቃት ዘመን በካርቦን ዳይኦክሳይድ በኩል የመጣው ለውጥ ቁጥሩ ራሱ ነው። ያኛው 7,000 ዓመት ያህል ፈጅቷል፤ የዛሬው ትልቁ ክፍል ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የመጣ ነው። በዚሁ ጊዜ ምሕዋሩ ምን ሠራ? ከ1850 ወዲህ በ65 ዲግሪ ሰሜን የሰኔ ጨረር የተለወጠው ከ1 ዋት በታች ነው፤ አቅጣጫውም ወደ መቀነስ፣ ማለት ወደ ማቀዝቀዝ ነው። ግራፉን «ተፈጥሮ ነው» ለማለት ለሚጠቀም ሰው፣ በገዛ ግራፉ ስሌት መሠረት ምድር መቀዝቀዝ ነበረባት ማለት ነው።

ወደ ጣና እንምጣ፤ እዚህ ሌላ ዓይነት ስሕተት አለ። በበረዶ ዘመን ጣና በረዶ ሆኖ ነበር የሚሉ አሉ። ባሕር ዳር ዛሬ 20 ዲግሪ ገደማ አማካይ ሙቀት አላት፤ ስድስት ቢቀነስላት 14 ነው። በረዶ የነበረው በከፍተኞቹ ተራሮች ላይ ነው፤ በሰሜን ተራሮች በቧሒት ዙሪያ ግግር የገፋው የድንጋይ ክምር ዛሬም ይታያል፤ በባሌም ሰፊ የበረዶ ግግር ነበር። የባሌው ግግር ጫፉን የደረሰው ከዓለሙ ጫፍ ቀድሞ፣ ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት ባለው ጊዜ መሆኑ በድንጋዮቹ ዕድሜ ታውቋል።

በሐይቁ ላይ የደረሰው ከቅዝቃዜው ይልቅ የዝናቡ ነገር ነው። ከወለሉ የተወሰደው ደለል እንደሚያሳየው ከ16,700 ዓመት ገደማ በፊት ጣና ደርቆ ነበር። በደረቀው ጭቃ ላይ ለአንድ ሺህ ዓመት ያህል የደንገል ረግረግ ቆየ፤ ዛሬ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል በሐይቁ እምብርት ይበቅል ነበር ማለት ነው። ከዚያ ውሃው እየጨመረ ሲሄድ መውጫ ስላልነበረው ትንሽ ጨው ያዘ፤ ይህም ጨዋማ ውሃ በሚወዱ ዳያቶም በሚባሉ ደቃቅ አልጌዎች ቅሪት ታውቋል። ከ14,700 ዓመት በፊት ድንገት ሞልቶ ወደ ዓባይ ፈሰሰ፣ ጨዉም ታጠበ።

ጣና ለምን እንዲህ ቶሎ እንደሚደርቅ በእጅ ሊሰላ ይችላል። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣሎ ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር፣ በአማካይ 9 ሜትር ገደማ ነው። በገጹ ላይ በዓመት 1.3 ሜትር ያህል ይዘንብበታል፣ 1.6 ሜትር ያህል ይተንበታል። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ሌሎቹ ገባሮች በሐይቁ ገጽ ላይ ቢነጠፍ 1.5 ሜትር የሚሆን ውሃ ያመጣሉ፤ 1.2 ሜትር የሚሆነው በዓባይ ይወጣል። ዝናቡ በግማሽ ቢቀንስ በገጹ ላይ ያለው ጉድለት ብቻ አንድ ሜትር ይጠጋል፤ ገባሮቹ ደግሞ ከዝናቡ ይልቅ በፍጥነት ይደክማሉ፤ የቀነሰውን ዝናብ ቀድሞ አፈሩና ዕፅዋቱ ይጠጡታልና። እንዲህ ባለ ሁኔታ የሐይቁ ገጽ ወርዶ ዓባይ ከጣና መነሣቱን ለማቆም ጥቂት ዓመታት ይበቃሉ፤ ሐይቁ ለመጨማደድ አሥርት ዓመታት እንጂ ሺህ ዓመት አይጠይቅም። ስሌቱን የሚሠራ ሰው ግን ትነቱን በቋሚ ስፋት እንዳያባዛው፤ ሐይቁ ሲጠብ የሚተንበት ገጽም ይጠባል፣ ሂሳቡ ሳያስተካክለው ከቀረ ከእውነቱ ቀድሞ ያደርቀዋል።

ከላይ የጻፍነው የኤክሴል ሞዴል ይህን ሁሉ አያውቀውም። በባሕር ዳር ኬክሮስ የክረምቱን ጨረር ብናሰላ ከ21,000 እስከ 11,000 ዓመት ባለው ጊዜ ሳያቋርጥ እየጨመረ ይሄዳል፤ ምድር ለፀሐይ የምትቀርብበት ቀን ወደ ክረምት እየተጠጋ ስለነበር። በዚህ ቢሄድ ዝናቡ ቀስ እያለ መጨመር፣ ሐይቁም ቀስ እያለ መሙላት ነበረበት። ደለሉ ግን በመካከሉ ድርቅ፣ ከዚያ ድንገተኛ ሙላት ያሳያል። ምክንያቱ ከሰሜን አትላንቲክ የመጣ ነው። ከሰሜን አሜሪካ ግግር የተገመሰው በረዶ ውቅያኖሱ ላይ ቀልጦ ጨዋማውን ውሃ ሲያቀጥነው፣ ሙቀት ወደ ሰሜን የሚያጓጉዘው የባሕር ዝውውር ተዳከመ፤ የሐሩር ክልሉ ዝናብም ከእኛ ራቀ። ዝውውሩ ሲመለስ ዝናቡ ተመለሰ፤ ከዚያም ክረምቱ በጨረር ስለበረታ ሰሃራ ሳይቀር ከ5,000 እስከ 6,000 ዓመት በፊት ድረስ ሐይቅና ሣር ነበረው። በጣና ላይ ከደረሰው ሁሉ ትልቁ ነገር የዓለምን ሙቀት ደህና አድርጎ በሚገምተው ሞዴል ውስጥ የለም። የዓለም ሙቀት በዚህን ያህል ጨመረ ሲባል የጣና ዝናብ በዚህን ያህል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል ብሎ በአንድ መስመር የሚያሰላ ሰው ከገጠማችሁ፣ ውቅያኖሱን የት እንዳስገባው ጠይቁት።

ለዝግጅት ክፍሉ የምናቀርበው ጥያቄ የሙያ ነው። ግራፉን ስታትሙ ቦታው አንታርክቲካ መሆኑን ጻፉበት፤ እዚያ ያለው መዋዠቅ ከዓለም አማካይ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ጊዜው ከግራ ወደ ቀኝ ይሂድ ከቀኝ ወደ ግራ በቀስት አመልክቱ፤ ሁለቱም ዓይነት በየቦታው አለ። ከዚህ ሁሉ በላይ መጠኑን አስቡት። 800,000 ዓመት በ20 ሴንቲ ሜትር ገጽ ላይ ሲዘረጋ ያለፈው 170 ዓመት 0.04 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ከፀጉር ዘለላ የሳሳ ስለሆነ ማተሚያው አያወጣውም። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አብራችሁ ከሣላችሁ ደግሞ በ800,000 ዓመት ውስጥ ከ300 አልፎ ስለማያውቅ፣ ከ180 እስከ 300 ያለውን በ6 ሴንቲ ሜትር ብታወጡት የዛሬው 425 ከጫፉ በላይ ሌላ 6 ሴንቲ ሜትር ከሩብ ይፈልጋል፤ የላይኛውን ርእስ ሰንጥቆ ያልፋል። ቦታ ከጠበበ ግራፉን አሳንሱት እንጂ መስመሩን 300 ላይ አትቁረጡት።

ከአክብሮት ጋር
የአየር ንብረትና የውሃ ሀብት መምህራን
ባሕር ዳር